የናታኒም ቦርጭ

በምድጃ ሰፈር ሰው ሲሞት ጡሩምባ የሚነፋ የለም። ሟቹ ራሱ ይደውላል። ስልኩ በሟቹ በራሱ ድምፅ ለእድርተኛው ሁሉ፣ «እኔ እከሌ ዛሬ ጠዋት አርፌአለሁ፤ ነገ በአራት ሰዓት ምድጃው ዘንድ እንገናኝ፤ ማርፈድ እንደሚያስቀጣ ታውቃላችሁ» ይላል። ሰው ለምዶታል። አብዛኛው «ነፍስ ይማር» ብሎ ይዘጋና ወደ ሥራው ይመለሳል። አንዳንዱማ «ማነህ? ድምፅህ ይቆራረጣል» እያለ ሟቹን ያስደግመዋል።

እትዬ ሄርሜላ የእድሩ ዳኛ ስለሆነች በሕይወት ካሉት ይልቅ ሙታን ይደውሉላት ነበር። በ2094 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ አንድ ጠዋት ስልኳ ሲጮህም ያንኑ ጠብቃ አነሳችው። የማታውቀው ወፍራም ድምፅ፣ «እኔ ምድጃው፣» አለ፣ «ለእድሳትና ለዘመናዊነት ሥራ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ዝግ መሆኔን በታላቅ ደስታ እገልጻለሁ።»

«ነፍስ ይማር» አለች ከልማዷ። ነገሩ የገባት ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ምድጃው ማለት ሰፈሩ ስሙን ያገኘበት የአስከሬን ማቃጠያ ሕንጻ ነው። የወረቀት ስሙ «ማዕከላዊ የስንብት አዳራሽ» ነው፤ በዚህ ስም የሚጠራው ግን ወረቀቱ ብቻ ነው። የተሠራው የከተማዋ መሬት ለሕያዋንም አልበቃ ብሎ የመቃብር ቦታው ሁሉ ፎቅ በበቀለበት፣ መቅበርም በሕግ በተከለከለበት ዘመን ነው። ሽማግሌዎቹ ለጥቂት ዓመታት አኩርፈው ከረሙ። ከዚያ የእነሱም ተራ ደረሰ።

የመጀመሪያው ሟች የገባ ዕለት ታዲያ አንድ ነገር ተረስቶ ነበር። ለቀስተኛው እንደ አባት እንደ አያቱ ወግ አፈር ሊያለብስ ጭብጥ ጭብጥ አፈር ይዞ መጣ፤ ጉድጓድ ግን የለም። የብረቱ በር ተዘጋ፣ እሳቱ ጮኸ፣ ሕዝቡ አፈሩን እንደጨበጠ ቆመ። ዝናብ ስለነበር አፈሩ በየሰው እጅ ውስጥ ጭቃ ሆነ። አንድ ቁጡ ሽማግሌ፣ «ይዤው ቤቴ ልግባ እንዴ?» ብለው ግድግዳው ላይ ለጠፉት። ሌላውም ተከተላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚህ ከተማ ሰው ሲሞት አፈር የሚለብሰው ሟቹ ሳይሆን ግድግዳው ነው።

አርባ ዓመት አለፈ፤ ግድግዳው ወፈረ። ሣር አበቀለ፣ ወፍ ጎጆ ሠራበት፣ በመስከረም አደይ ይፈነዳበት ጀመር። የሕንጻውን ንድፍ ያወጣውና የተሸለመበት አርክቴክት፣ «ያንን የመሰለ ለስላሳ ግድግዳ አበላሹብኝ» እያለ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲመላለስ ኖሮ ሞተ። ለቀስተኞቹ በደቡብ በኩል ጥሩ አድርገው ለጠፉለት።

እያደር ሥርዓትም ወጣለት። ከወገብ በላይ ለቤተሰብ ነው፤ ከወገብ በታች ለጎረቤትና ለመሥሪያ ቤት ሰው። ከሟቹ ጋር ተቀያይሞ የነበረ ደግሞ ወንዶች በሚሸኑበት ማዕዘን በኩል ጣል አድርጎ ይሄዳል። ሽማግሌ ሲመርቅ «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» ማለቱን ትቶ «ጭቃውን አያርግፍበት» ይላል። በየሙት ዓመቱ ዘመድ እየመጣ በቦታው ላይ አዲስ ጭቃ ይደርባል። መንግሥትም መከልከሉ ሲያቅተው ቅርስ ነው ብሎ መዘገበው። ያለ ባለ ጭቃው አሻራ ቅንጣቷን መንካት ያስከስሳል።

የእትዬ ሄርሜላ ባል ናታኒም ይባል ነበር። በዚያ ዘመን ሽማግሌው ሁሉ ናታኒም፣ ያብስራ፣ ኢዩኤል ነው፤ ድንበሩና ታንጉት የሚባሉት ልጆቹ ናቸው። ናታኒም የሐዋሳ ባቡር ነጂ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ቀበቶው ሁልጊዜ ተጨማሪ ቀዳዳ የሚፈልግ ሰው። «እንዴት ያለ ጨዋ ባል ሰጠሽ!» ይሏት ነበር ጎረቤቶቿ። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው እንዳይባል፣ ይህን የሚሏት ሰውየው በቁሙ እያለ ነው።

ከስምንት ዓመት በፊት ናታኒም ሞተ፤ ስልኩም እንደ ደንቡ ደወለ። ለሄርሜላ እድር፣ «ውድ ባለቤቴን ሄርሜላን አደራ» አለ። በዚያችው ደቂቃ ከተማው ማዶ አቃቂ ላለ ሌላ እድር ደግሞ፣ በዚያው ድምፅ፣ «ውድ ባለቤቴን ሶልያናን አደራ» አለ። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ሰውሮት የኖረውን ስልኩ አፍ አውጥቶ ተናገረበት።

ሁለቱ ሚስቶች የተዋወቁት ምድጃው በር ላይ ነው። ሄርሜላ ከእንጦጦ ሥር ያስመጣችውን ቀይ አፈር ግድግዳው ላይ በደረቷ ልክ ለጠፈች። ሶልያና የአቃቂን ጥቁር አፈር ይዛ መጣችና ልክ ቀዩ ላይ፣ ጥፊ በሚመስል አኳኋን፣ ደረበችበት። ሄርሜላ ተመልሳ ደረበች። የእድሩ ሰዎች ባይገቡ ኖሮ ናታኒም ራሱ ከእሳቱ ወጥቶ ይገላግላቸው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ዓይንና ናጫ ሆኑ። በየሙት ዓመቱ በድብቅ ማታ ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ ሕዝብ እያየ፣ አንዷ ሌላዋ እስክትሄድ ጥላ ይዛ ትጠብቃለች። መጨረሻ የለጠፈች አሸነፈች ማለት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ላይ የሚታየው የሷ ቀለም ነው። አንድ ዓመት ቀይ፣ አንድ ዓመት ጥቁር ሲባል ያ የግድግዳው ክፍል ተነፋ፣ ወደ ውጭ ወጣ፣ ተንጠለጠለ። የሰፈሩ ሰው «የናታኒም ቦርጭ» አለው። በሕይወቱ ቦርጭ የሚባል ያላወቀ ሰው ከሞተ በኋላ መንገድ ማሳያ ሆነ። «ከናታኒም ቦርጭ ወደ ግራ ታጠፍ» ይባላል።

በዚህ ዓመት ላይ ያለው ቀዩ ነበር። ሄርሜላ በዚህ ኮርታ ከርማለች።

የእድሳቱ መሐንዲስ ታንጉት የምትባል፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ ፈጥና የምትናገር ልጅ ናት። የእድሩን ኮሚቴ ግድግዳው ሥር ሰብስባ የሚመጣውን ሁሉ ዘረዘረችላቸው። አዲሱ ምድጃ ሥራውን ሳምቡሳ እስኪጠበስ ይጨርሳል። ጭስ ማውጫው በመብራት ያጌጣል፤ ቀለሙን የሟቹ ቤተሰብ ይመርጣል። ለለቀስተኛው የጁስ ቤት አለ፣ ለፎቶ የተመቸ ደረጃ አለ። ኮሚቴው ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማ። ሽንት ቤት ይኖረዋል ሲባል አጨበጨበ።

«አሁን ችግሩን ልንገራችሁ፣» አለች ታንጉት። ጣቷን ወደ ቦርጩ ቀሰረች። «ይሄ ነገር ግድግዳውን እየጎተተው ነው። ሄዷል፣ ዘሟል። አዲሱ ማሽን የሚገባውም በዚሁ በኩል ነው። የሁለቱ ባለ ጭቃ አሻራ ካለኝ ይቺን ብቻ ቆርጬ፣ ሌላውን ግድግዳ አንድ ሣር ሳልነቅል አድሳለሁ። ወሩ እስኪያልቅ ካልፈረሙ ግን አለቆቼ ለሕይወት አስጊ ነው ብለው ያውጃሉ። ያኔ ጭቃው በሙሉ ይፋቃል።»

«በሙሉ ማለት?» አለ አንድ ሰው።

«በሙሉ ማለት በሙሉ። የሁላችሁም።»

ኮሚቴው ባንዴ ወደ ሄርሜላ ዞረ። እዚያ ግድግዳ ላይ እናት የሌለው፣ ወንድም የሌለው፣ ልጅ የሌለው ሰው በመካከላቸው አልነበረም። አመዱንማ ማዘጋጃ ቤት ለመንገድ ዳር አበባ ማዳበሪያ ያደርገዋል፤ ለሰው የሚቀርለት ያቺው ጭብጥ ጭቃ ናት። «እትዬ ሄርሜላ፣ አመድ ስሆን!» አሉ ከወዲህም ከወዲያም።

ሄርሜላ የሕዝቡን ነገር ታውቃለች። የእናቷ ጭቃ ከቦርጩ አለፍ ብሎ አለ፤ ከተፋቀ የእሷም ይፋቃል። ግን ስምንት ዓመት የታገለችበት ነገር እንዲህ በአንድ አውራ ጣት ይለቀቃል? በሕይወቱ ሳለ ምን ያህሉ የእሷ እንደነበር የማታውቀው ሰው፣ ቢያንስ ግድግዳው ላይ የእሷ ነው። ያንን ስትለቅ ምን ይዛ ትቀራለች?

«እሷ ትፈርምና እፈርማለሁ» አለች።

«ወይዘሮ ሶልያናም ይህንኑ ነው ያሉኝ።»

«እንግዲያው ጥቁሩን ለቅማችሁ አውጡና ቀዩን መልሱት።»

«እትዬ፣ ወጡ ከተሠራ በኋላ ሽንኩርቱን መልሱልኝ ይባላል?»

«እሷ ራሷ ናት የገባችው እንደ ሽንኩርት!»

ታንጉት ተነፈሰች። በመጨረሻ ለመቁረጥ ሳይሆን ለምርመራ ብቻ፣ ከቦርጩ ውስጥ በቀጭን ቱቦ ናሙና እንድታወጣ ሁለቱም ፈቀዱ። የፈቀዱት ግን ሁለቱም እዚያው ቆመው ሊያዩ ነው፤ አንዷ በሌለችበት ሌላዋ ምን እንደምታደርግ አይታወቅማ።

ሐሙስ ጠዋት ሶልያና መጣች። ቀይ ስኒከር፣ ቢጫ ጥላ፣ ፀጉሯ ሙሉ ሽበት። ከሄርሜላ በሁለት ዓመት ታንሳለች፤ ይህንን ለማንም ሳትነግር አታልፍም።

«እንደምን አደርሽ አይባልም?» አለች።

«ለሰው ነው የሚባለው» አለች ሄርሜላ።

የምድጃው ሠራተኛ ኢዩኤል፣ ዕድሜ ልኩን እሳቱን ሲያነድና ግቢውን ሲጠርግ የኖረ ሰው፣ ሁለት ወንበር አመጣላቸው። ሁለቱም ወንበራቸውን ጎትተው አራርቀው ተቀመጡ። ማሽኑ ቦርጩን ሰረሰረና ረጅም ዱላ የመሰለ የጭቃ ናሙና አወጣ። ታንጉት ጠረጴዛ ላይ አጋደመችው። ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ጥቁር። ሁለቱም አጎንብሰው የየራሳቸውን ሲያዩ፣ ታንጉት ጣቷን በቀለማቱ መካከል አሳረፈች።

«ይሄ ነጩስ የማነው?»

እውነትም ነጭ ነበር። ስስ ነው፣ ግን በየዓመቱ ድርብ መካከል ሳይቀር አለ። ሄርሜላ መነጽሯን አወጣች። ሶልያና መነጽር ስላልያዘች በሄርሜላ ትከሻ በኩል አንገቷን አሰገገች።

«የእኔ አይደለም» አለች ሄርሜላ።

«የእኔም አይደለም።»

«በዚህ አካባቢ እንዲህ ያለ አፈር የለም፣» አለች ታንጉት ነጩን በጥፍሯ እየፋቀች። «እኔ የማውቀው ወደ ስምጥ ሸለቆ፣ ዝዋይ አካባቢ ነው። ቆይ... እያንዳንዱ ዓመት ላይ አለ እኮ። ከሁለታችሁ በኋላ እየመጣ የሚለጥፍ ሰው አለ ማለት ነው።»

ልጅቷ ይህን ያለችው እንዲሁ በየዋህነት ነው። የሐዋሳ ባቡር በዝዋይ እንደሚያልፍ አላሰበችም። ሁለቱ ሴቶች ግን ሌላ ምንም አላሰቡም።

ኢዩኤል መጥረጊያውን አንሥቶ ከሥፍራው ዞር አለ።

«ዝዋይ ላይ ይበላሽበት ነበር፣ ባቡሩ፣» አለች ሶልያና በመጨረሻ፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ። «ክረምት ክረምት።»

ሄርሜላ ቀስ ብላ ዞረች። «ለአንቺም ዝዋይ ላይ ነበር የሚበላሽበት?»

«አዎ!»

«መለዋወጫ ከአዳማ እስኪመጣ እያለ!»

«ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን!»

«ዓሣ ይዞልኝ ይመጣ ነበር፣» አለች ሄርሜላ። መነጽሯን አወለቀች። «ካሣ ነው ብዬ ነበር እኮ የምበላው።»

«ለእኔም ዓሣ ነው። እኔ ዓሣ አልወድም፤ በግድ ነው የበላሁት።» ሶልያና ወንበሯን አንሥታ አጠገቧ አምጥታ ተቀመጠች። «ይሄ ውሻ!»

«ነፍሱን ይማረውና፣ ውሻ ነው» አለች ሄርሜላ።

በዚያን ቀን ሁለቱ ከምድጃው አጥር ውጭ ካለች ሻይ ቤት ገብተው እስከ ማታ ድረስ ናታኒምን ሲያሙ ዋሉ። ለካ ሄርሜላ ለስምንት ዓመት ስለ ባሏ አንድም ክፉ ነገር ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለማን ትናገር? ለእድሩ ስታወራ ጨዋ ነበር፤ ለጎረቤት ስታወራ ተበድላለች ተብሎ ይታዘንላታል፤ መታዘንን ደግሞ እንደ ሞት ትጠላለች። ሶልያና ግን አላዘነችላትም። ሲያንኮራፋ እንዴት እንደነበር በአፏ አሰማቻት፤ ሄርሜላ ሻዩ ከአፍንጫዋ እስኪወጣ ሳቀች። ሁለቱም ሲያንኮራፋ አፍንጫውን ይይዙት እንደነበር ደረሱበት።

ሕጉ ባለ ጭቃ ሁሉ ይፈርም ስለሚል የዝዋይዋም አሻራ የግድ ሆነ። ታንጉት በዝዋይ ራዲዮ አስነገረች፤ ማንም ብቅ አላለም። ሁለቱ ሚስቶች ግን ጠላታቸው አንድ ቀን መምጣቷ እንደማይቀር እርግጠኛ ስለነበሩ ግድግዳው ሥር ወንበር ዘርግተው ይጠብቋት ጀመር። ሶልያና በጠዋት ባቡር ከአቃቂ ትመጣለች፤ ሄርሜላ ዳቦ ቆሎና ውሃ ይዛ ትጠብቃታለች። በአጥሩ በኩል ያለፈች ሴት ሁሉ ትመረመራለች።

«ያቺ ናት።»

«አይደለችም። ያቺ ወፍራም ናት፤ ወፍራም አይወድም።»

«አንቺ ምን ልትሆኚ ነው ታዲያ?»

«እኔ የወፈርኩት እሱ ከሞተ በኋላ ነው!»

አንዲት ምስኪን ሴት የወንድሟን ሙት ዓመት ልታወጣ መጥታ ሁለት አሮጊቶች አፍጥጠው «ከየት ነሽ? ዓሣ ትወጃለሽ?» ሲሏት ጭቃውን ጥላ ሮጠች። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተጨነቀ፤ ወሩ ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ነበር። ሰዎች እየመጡ የዘመዶቻቸውን ጭቃ በእጃቸው ይዳብሱ ጀመር። አንድ ወጣት የአባቱን ቦታ በፕላስቲክ ሸፍኖት ሄደ፤ ፕላስቲክ ከማሽን የሚያድን ይመስል። ሄርሜላም ይህን ስታይ ተነሥታ የእናቷን ቦታ ዳበሰች። አሁን እንኳ እልህ አይደለም የያዛት፤ እሷ ብትፈርምም ሦስተኛዋ ከሌለች ዋጋ የለውም።

አንድ ቀን ሶልያና ጥርሷን ልትታከም ቀረች። ሄርሜላ ብቻዋን ተቀምጣ ሳለ ኢዩኤል መጥረጊያውን እየጎተተ መጣና ፊቷ ቆመ። ተቀመጥ ብትለው አልቀመጥ አለ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ብነግርዎ አይቆጡኝም?»

«ሳልሰማው እንዴት ነው ቃል የምገባልህ? ተናገር።»

«ነጩ... የእኔ ነው።»

ሄርሜላ መጀመሪያ ያሰበችው ነገር ለወሬ አይመችም፤ ናታኒምና ኢዩኤልን በዓይነ ሕሊናዋ ጎን ለጎን አቁማ አየቻቸውና ራሷን ነቀነቀች። ኢዩኤልም ሳይገባው አልቀረም፤ ፊቱ ቀላ።

«እንደሱ አይደለም! እናንተ እየተናደዳችሁ ትለጥፋላችሁ፣ በደንብ አትመቱትም። ዝናብ ሲመጣ ሊናድ ይደርሳል። የመጀመሪያው ዓመት አንድ ቁራጭ ወድቆ የቄሱን ጥላ ሰበረው። ሰው ላይ ቢወድቅስ ብዬ፣ በየዓመቱ እናንተ ስትሄዱ ኖራ በጥብጬ እቀባዋለሁ፤ ቀለሙ እንዳይጠፋባችሁም ከራሳችሁ ጭቃ የረገፈውን ስስ አድርጌ ከላይ እመልስበታለሁ። እንዲይዝ ደግሞ የምድጃውን ጥራጊ እጨምርበታለሁ።»

«የምድጃው ጥራጊ? አመድ? የማን አመድ?»

«የሁሉም ነዋ፣ እትዬ። ከጥግ ጥግ የሚጠረግ ነው። የማን እንደሆነ በምን ይለያል?»

ሄርሜላ ቦርጩን ቀና ብላ አየችው። ለስምንት ዓመት ባሏን ከሶልያና ጋር ስትሻማ፣ ናታኒምን አቅፎ የያዘው የማያውቀው ሕዝብ ነበር። ሳቅ መጣባት፤ ከሳቁ ኋላ ደግሞ ልቅሶ ነበረ።

«ለምን እስካሁን ዝም አልክ?»

«ያለ አሻራ ቅርስ ነክተሃል ብለው ቢያባርሩኝስ? ጡረታዬ ደርሶ! ደግሞስ...» መጥረጊያውን አገላበጠ። «እናንተን ሳያችሁ፣ ስትስቁ። እንዴት አድርጌ ልናገር? አሁን ግን ግድግዳው ሊፋቅ ነው። የእኔም እናት እዚያ ላይ ናት።»

ሄርሜላ ብዙ አላሰበችም፤ ያሰበችው ግን ከባድ ነበር። ዝም ብትል የሰፈሩ ሙታን ሁሉ ይፋቃሉ። ብትናገር ደግሞ የዝዋይዋ ሴት ትሞታለች፤ ተወልዳ ወሯን ሳትጨርስ። እሷ ስትሞት ሶልያና ምን ብላ ከአቃቂ ድረስ ትመጣለች? ማንን ለማማት? ነገ ጠዋት ዳቦ ቆሎውን ይዛ ብቻዋን መቀመጧ ታያትና በሰባ አራት ዓመቷ እንደ ሕፃን ፈራች። ባሏ ሲሞት እንኳ እንዲህ አልፈራችም፤ ያኔ ንዴቱ ነበራት።

ተነሥታ ኢዩኤልን በእጁ ይዛ ታንጉት ዘንድ ገባች።

«ሦስተኛውን ባለ ጭቃ አምጥቼልሻለሁ።»

ታንጉት ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማች፤ መሀል ላይ ፊቷን በእጇ ሸፈነች፤ ከትከሻዋ መንቀጥቀጥ እየሳቀች እንደሆነ ታወቀባት። «ማንም አይከስዎትም፣ ጋሽ ኢዩኤል፣» አለች። «እንዲያውም ግድግዳው እስካሁን የቆመው በእርስዎ ነው። ይፈርሙ።» ኢዩኤል አውራ ጣቱን አስቀመጠ። ሄርሜላም አስቀመጠች። ስታስቀምጥ እንደፈራችው አላመማትም።

«አንቺ ልጅ፣» አለች ከዚያ፣ «ይህን ነገር ለሶልያና አትንገሪያት። የዝዋይዋ ወኪል ልካ ፈርማለች በያት። አመድ ልሁንልሽ።»

ታንጉት ሳቋን ዋጠች። «እትዬ፣ እኔ ባልነግራቸውም የፈረመው ሁሉ ስም ለእያንዳንዱ ባለ ጭቃ ይላካል። ሕጉ ነው። ስልኬ አሁን ልኮታል። እዚህ ጋ፣ አዩት? ‹ሦስተኛ ባለ ጭቃ፦ ኢዩኤል፣ የምድጃው ሠራተኛ፣ ኖራ።›»

ሄርሜላ ማታ ስልኳን ደጋግማ አየች። ሶልያና አልደወለችም። የሶልያና አሻራ ግን ገብቶ ነበር፤ ያውም ወዲያው፣ ያለ አንዳች ቃል። ከዚያ የባሰ ምን አለ? ብትሰድባት ይሻል ነበር።

ቦርጩ የሚቆረጥ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ደስታ ነው፤ ግድግዳው ተረፈ፣ የየሰው እናትና አባት ባሉበት ቀሩ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ከዚያ ቦታው ምን እንደሆነ ትዝ ሲላቸው አፋቸውን ያዙ። ያ ወጣት የአባቱን ፕላስቲክ ገፈፈ። ሄርሜላ እንደ ልማዷ ሁለት ወንበር ዘርግታ በአንዱ ተቀመጠች። የአቃቂው ባቡር ሰዓት ደርሶ አለፈ። አንድ ሰውዬ ባዶውን ወንበር ሊወስድ ሲል፣ «ሰው አለው!» ብላ ጮኸችበት፤ ድንጋጤው ለእሷም ተረፈ።

ማሽኑ ጀመረ። ቦርጩ ከላይ ወደ ታች ሲሰነጠቅ ቀዩም ጥቁሩም ነጩም ባንድ ላይ ይፈርስ ጀመር። ይሄኔ ነው ቢጫ ጥላ ሕዝቡን እየገፋ የመጣው። ሶልያና ላብ በላብ ሆና ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። ወደ ሄርሜላ አላየችም። ሄርሜላም ወደ እሷ አላየችም። ሁለቱም ማሽኑን አፍጥጠው ያያሉ።

«መልእክቱ ደረሰሽ?» አለች ሄርሜላ በመጨረሻ፣ እንደምንም።

«ደረሰኝ።»

«አነበብሽው?»

«ማንበብ አልችልም እንዴ? ቃል በቃል ነው ያነበብኩት።»

አንድ ትልቅ ቁራጭ ተገምሶ ወደቀ፤ አቧራው ለሁሉም ደረሰ። ሶልያና አስነጠሰች፣ አፍንጫዋን ጠረገች፣ ጥላዋን አጠፈች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ሄርሜላ አስጠጋችና በጆሮዋ አንሾካሾከች።

«ያረፈድኩት ለምን መሰለሽ? ባቡር ጣቢያ አየኋት።»

«ማንን?»

«ማንን ትላለች! የዝዋይዋን ነዋ! ከሐዋሳው ባቡር ስትወርድ በዓይኔ በብረቱ አየኋት። ረጅም፣ ጠይም፣ እንዴት ያለች ኩሩ መሰለችሽ! የዓሣ ቅርጫት ይዛለች፣ ታምኚኛለሽ?»

ሄርሜላ ቀና ብላ የሶልያናን ፊት አየች። ያ ፊት ምንም አልደበቀም፤ ከሳቅ በስተቀር። ሁሉን እያወቀች ነው የመጣችው። ሄርሜላ ዳቦ ቆሎውን ከቦርሳዋ አውጥታ በሁለቱ መካከል አስቀመጠችና ጭብጥ ሙሉ ዘግና ሰጠቻት።

«ጥርሷስ?» አለች።

«ፍንጭት ናት።»

«አውቄአለሁ!» አለች ሄርሜላ ጭኗን በመዳፏ እየመታች። «ይሄ ውሻ፣ ፍንጭት ይወድ ነበር።»